ለክረምት ወደ ቆላ ለምትወርዱ፦ ልጆቹን ምግባቸውን አስተምሩልን

ወንድሜ፣ እህቴ! ክረምት ደረሰ። ግቢ ሲዘጋ ወደ ቀያችሁ የምትመለሱ ብዙ ናችሁ። እንደ ልማዳችሁ ተሰባስባችሁ ለሕፃናት የክረምት ትምህርት ትሰጣላችሁ፤ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ትንሽ ታሪክ። በርቱ፣ ክበሩልን። ዘንድሮ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ ምዕራብ አርማጭሆ የምትወርዱ ካላችሁ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሳምንት አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳውን ተዉትና ልጆቹን ምግባቸውን አስተምሯቸው።

«ምግብ ደግሞ ምን ትምህርት አለው?» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዛ ከሚሉት ነበርኩ።

አንድ ክረምት ገንዳ ውኃ አካባቢ ልጆች እናስተምር ነበር። «አገራችሁ በምን ይታወቃል?» ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «በሰሊጥ!» አለ። «እሺ፣ ሰሊጥ እቤታችሁ እንዴት ይበላል?» ስል ዝም አሉ። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ሰሊጥ ይሸጣል እንጂ ይበላል እንዴ?» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ልጁ ምን አጠፋ? ያየውን ነው የተናገረው። ሐምሌና ነሐሴ ከአባቱ ጋር ሰሊጥ ሲያርም ይከርማል። መስከረም ሲጠባ ሳሉጉ ከደጋ ይወርዳል፣ ሰሊጡ ይታጨዳል፣ በኩንታል ይጫናል፣ እንዳለ በጥሬው ወደ ቻይና፣ ወደ እስራኤል ይሄዳል። ልጁ ቤት ደግሞ ከውጭ የመጣ የፓልም ዘይት በጀሪካን ይገባል። ነጭ ወርቅ እያልን የምንዘምርለትን እህል የሚያርመው ልጅ ጣዕሙን አያውቀውም። ይህን ስታስብ አይቆጭህም?

እኛ መተማን የምናውቃት በደም ነው። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁባት ምድር ናት። ቋራም ስትጠራ ካሳ ይታወሰናል። ልክ ነው፣ ልጆቹ ይህን ይወቁ። ግን ድንበር የሚጠበቀው ጦርነት በተነሳበት ቀን ብቻ አይደለም። በቀሩት ቀናት ሁሉ እዚያ ሙቀት ውስጥ፣ ከወባው ጋር እየታገለ፣ አርሶና አብስሎ በልቶ የሚያድር ሰው ነው የሚጠብቀው። ከመሬቱ መብላት የሚያውቅ ሰው መሬቱን ጥሎ አይሄድም። መሬቱን የሰሊጥ ገንዘብ ማውጫ ብቻ አድርጎ ያወቀ ልጅ ግን ዋጋ የወደቀ ዕለት ምን ያስቀረዋል?

እስቲ ማሽላን እንይ። ቆላ ውስጥ ያደገ ልጅ የጤፍ እንጀራ የሀብታም፣ የማሽላ እንጀራ የድሃ ነው ብሎ ያምናል። ማን ነገረው? እኛው ነን። ከደጋ የመጣ እንግዳ ፊት ማሽላ ሲቀርብ እናቱ ስትሸማቀቅ አይቷል። አሁን ይህንን ንገሩት፦ ከድንበሩ ማዶ፣ ከሰላ አቅራቢያ በቁፋሮ በተገኘ የሸክላ ስባሪ ላይ የማሽላ ገለባ ምልክት ታትሞ ተገኝቷል። ሰው ማሽላን ማላመድ የጀመረው ከ5000 ዓመት በፊት መሆኑን ያ ስባሪ ያሳያል። ማሽላ ለዓለም የተሰጠው ከዚህ ቀጠና ነው፤ ልጁ የሚንቀው እንጀራ ማለት ነው!

ወሎ ውስጥ ደግሞ ገበሬው «ወተት በጉንጬ» ብሎ የሚጠራው ማሽላ አለ። ስሙን ለልጆች ንገሯቸው፣ በሳቅ ይፈነዳሉ፤ አይረሱትምም። ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከወሎ የተወሰዱ ማሽላዎችን ሲመረምሩ፣ ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልገው ላይሲን ከተለመደው ማሽላ በእጅጉ በልጦ የተገኘባቸው ዘሮች አገኙ። ገበሬው ላቦራቶሪ የለውም፤ ጉንጩ ግን አለው። የኦሎንኮሚው ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታም በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተሸለሙት በማሽላ ነው፤ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር በማውጣታቸው። ልጁ በአባቱ ማሳ ላይ አቀንጭራን በዓይኑ ያውቀዋል። ከዚህ የተሻለ የሳይንስ መግቢያ ከየት ታመጣለህ?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ማን ያስተምር?

እኔና አንተ አይደለንም። እኛ ብንበዛ ማስታወሻ እንይዛለን። የሚያስተምሩት እናቶች ናቸው። «እናቶች» ስል ደግሞ የእኔን እናት የሚመስሉትን ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሰፈራ ብዙ ሕዝብ ከደጋ ወደ መተማና ቋራ ሲወርድ፣ እዚያ ምድር ላይ ቀድሞ የነበረ ሰው ነበር። ጉሙዙ የትኛው ቅጠል እንደሚበላ፣ የትኛው ሥር እንደሚያሳምም፣ ማሩ የት እንዳለ ያውቃል። ባሚያን ቆራርጦ በፀሐይ አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ ለክፉ ቀን ማስቀመጥን ያውቃል። እኛ ምን አደረግን? እውቀቱን ሳንጠይቅ ሰውየውን ናቅነው። በመካከላችን ይህን ደፍሮ የሚናገር ስለጠፋ እኔ ልናገር።

ያን ክረምት አንዲት ጉሙዝ እናት መጥተው እንዲያስተምሩ ሐሳብ ሳቀርብ፣ ከጓደኞቼ አንዱ «እሳቸው ደግሞ ምን ያስተምራሉ?» አለ። እሳቸው ጋ ስሄድም ያሉኝ ያንኑ ነበር፦ «እኔ ምን አውቄ ነው የተማራችሁትን የማስተምረው?» አያችሁ፣ የእኛ ንቀት እሳቸው አፍ ውስጥ ገብቷል። ለምነናቸው መጡ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ሠርተው አበሉን። ልጆቹ ጣታቸውን ላሱ። ያ ጓደኛዬም ሁለት ጊዜ ጨምሩልኝ አለ።

ስለዚህ ዘንድሮ እንዲህ ብታደርጉስ፦

አንድ ቀን የማሽላ እንጀራ ይሁን። እርሾው ከየት እንደመጣ፣ አብሲት ለምን እንደሚጣል፣ ሊጡ ለምን እንደሚኮመጥጥ እናትየዋ በእጇ ታሳይ፤ እናንተ በዓይን ስለማይታዩት ሕዋሳት ጨምሩበት። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በመተማ ዮሐንስ በኩል የገቡ ልጆች ካሉ ስለ ኪስራ ይናገሩ። እሱም ከማሽላ ሊጥ ነው፤ ኮምጥጦ በስሱ ይጋገራል። የእንጀራ ዘመድ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል።

አንድ ቀን የነሐሴ ቅጠላ ቅጠልና የባሚያ ይሁን። አንድ ቀን ሽማግሌ ይዛችሁ ዛፍ ለማየት ውጡ፤ ሮቃ፣ በደኖ፣ ቁርቁራ። ሮቃን ሱዳኖች አረዲብ፣ የበደኖን ፍሬ ላሎብ ይሉታል። ልጆቹ በደብተራቸው የአንዱን ዛፍ ስም በአማርኛ፣ በጉሙዝኛ፣ በዓረብኛ ጎን ለጎን ይጻፉ። አደራ! የማያውቁትን ፍሬና ሥር በሙከራ እንዳይቀምሱ፤ ሽማግሌው ያላሳየው አይነካም። እጅ መታጠብም የትምህርቱ አካል ነው።

የእናቶቹን ቀን ደግሞ በነፃ አትውሰዱ። ነሐሴ የአረም ጊዜ ነው፤ የቀን ሥራ ትተው ነው የሚመጡት። አዋጥታችሁ የቀናቸውን ክፈሉ። «መምህርት» ብላችሁ ጥሩ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ልጃቸው ይሰማል።

«አገር እንዲህ ሆኖ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ሰው የሚበላው አጥቶ ስለ ምግብ ባህል ታወራለህ?» ትሉኝ ይሆናል። እኮ ስለዚህ ነው! ነሐሴ ጎተራው የሚራቆትበት ወር ነው። ቆላው ውስጥ ካላዛር የሚበረታው ምግብ በጎደለው ገላ ላይ ነው። ደጃፍ ላይ የበቀለውን ቅጠል የምታውቅ ልጅና የማታውቅ ልጅ እኩል አይከርሙም። ይህ እርዳታን ይተካል አላልኩም፤ አይተካም። በድሃ እናት ላይ «ልጅሽን አትመግቢም» የሚል ስብከትም እንዳታደርጉት። የጎደላት እህል እንጂ እውቀት አይደለም።

የመጨረሻው ቀን የሰሊጥ ይሁን። እኛም እንዲያ ነበር ያደረግነው። ሰሊጡ ምጣድ ላይ ሲታመስ ይፈናጠር ጀመር፣ ልጆቹ እየጮኹ ሸሹ፣ ሽታው ሲነሳ ደግሞ ተመልሰው መጡ። በሙቀጫ ተወቅጦ በማር ተለወሰ። ያ «ይበላል እንዴ?» ያለኝ ልጅ አንድ ጉርሻ ጎረሰ። ከዚያ የተረፈውን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

«ምን ልታደርግበት ነው?» አልኩት።

«ለአባቴ ነው። እሱም ቀምሶት አያውቅም።»

ዘንድሮ የምትወርዱ እንግዲህ አደራችሁን። ቡድን የመሠረታችሁ በአስተያየት መስጫው ላይ ቀበሌያችሁን ጻፉ። እዚያው የምትኖሩ ደግሞ የእናታችሁን አንድ ምግብ አሠራር ጻፉልን፤ ጉሙዝም ሁኑ፣ ቅማንትም፣ አገውም፣ አማራም። ሰብስበን ለልጆቹ እናደርሳለን። ለሚመለከተው ሼር አድርጉ።