የሰው ነገር የሚገባው አለቃ

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የጅቡቲ ከተማ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ማለፉ ብርቅ አይደለም። ዶራሌ ወደብ ግን ቀን ከሌት ይሠራል። ከኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በዚህች ከተማ ነው። ይህን ሁሉ ጭነት የሚያንቀሳቅሱት የክሬን ኦፕሬተሮች፣ መካኒኮች፣ ኤሌክትሪሻኖችና የባቡር ባለሙያዎች ሲሆኑ ዛሬም የሚበዙት ወንዶች ናቸው።

ነገሩ የጅቡቲ ብቻ አይደለም። የመርከብ ኢንዱስትሪ ማኅበሩ ቢምኮ እና ዓለም አቀፉ የመርከብ ባለንብረቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ሪፖርት መሠረት፣ ከዓለም መርከበኞች ሴቶቹ 1.28 በመቶ ብቻ ነበሩ።

በሕግና በሹመት በኩል ግን ብዙ በር ተከፍቷል። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2002 በምርጫ ለሚያዙ ቦታዎች 10 በመቶ የሴቶች ኮታ ደነገገች፤ በ2018 ደግሞ ወደ 25 በመቶ ከፍ አደረገችው። በ2021 የዲጂታል ኢኮኖሚና የኢኖቬሽን ዘርፍ ለሚኒስትር ዴኤታዋ ለማርያም ሃማዱ አሊ ተሰጠ። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2018 የካቢኔው ግማሽ ሴቶች ሲሆኑ ዳግማዊት ሞገስ ትራንስፖርት ሚኒስቴርን ያዙ። በዚያው ዓመት ርዕሰ ብሔር የሆኑት ሣህለወርቅ ዘውዴም ቀደም ሲል በጅቡቲ አምባሳደር ነበሩ።

ሕግ ምክር ቤት ያስገባል፤ ሹመትም ሚኒስቴር ያስረክባል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በሥራ ላይ ያለችውን ቴክኒሻን የሚያገኛት ግን ፎርማኗ ነው። ዕድገቷም ሆነ ሥራ መልቀቋ በአብዛኛው የሚወሰነው በእሱ ነው።

የሰው ነገር የሚገባው አለቃ ከመልካም ቃሉ ይልቅ በሺፍት ፕሮግራሙ ይታወቃል። ሌሊት ሥራ የጨረሰች ሠራተኛ ባልባላ ሰፈር ድረስ በምን እንደምትሄድ አስቀድሞ ያስባል። የሴቶች መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ ቅርብ መሆኑን ያያል። ሴፍቲ ጫማውና ጓንቱ በልኳ መገዛቱን ይጠይቃል፤ ሰፊ ጓንት ማሽን ላይ አደጋ ነውና።

እዚህ ላይ ብዙ ደግ አለቆች ይሳሳታሉ። «ትደክማለች» ብለው ከማሽኑ ያነሷትና ቢሮ ወይም ስቶር ይመድቧታል። ያሰቡላት ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን በሙያዋ የምታድግበትን የሥራ ሰዓት ነው የወሰዱባት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሱፐርቫይዘር ቦታ ሲከፈት «ልምድ የላትም» ይባላል። ልምዱን የነፈጋት ያው ደግነት ነው።

አቪዬሽን በዚህ ረገድ የሚያስተምረው አለ። አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። በ2015 ደግሞ ከአብራሪዎቹ እስከ ምድር አገልግሎቱ ሠራተኞች በሴቶች ብቻ የተከናወነውን የባንኮክ በረራ በካፒቴንነት መርታለች። ጥረቷና ችሎታዋ እንዳለ ሆኖ፣ በአብራሪነት ሙያ እያንዳንዱ የበረራ ሰዓት ይመዘገባል፤ ማዕረግም ያለዚያ መዝገብና ያለፈተና አይገኝም። ክሬን፣ ወርክሾፕና የባቡር ጥገና ላይም የማሽን ሰዓት በየሠራተኛው ስም ቢመዘገብ፣ ማን ዕድል እንዳገኘና ማን እንደተዘለለ በግልጽ ይታያል።

ጉዳዩ የደኅንነትም ነው። የሃርቫርዷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና፣ የተሻሉት ቡድኖች ብዙ ስህተት ሪፖርት አድርገው አገኘቻቸው። ምክንያቱ መናገርን አለመፍራታቸው ነበር። በወንዶች መካከል ብቻዋን የምትሠራ ሴት ስህተቷ «ሴት ስለሆነች ነው» እንደሚባል ካወቀች፣ የላላውን ብሎን አይታ ዝም ልትል ትችላለች። ኮንቴይነር በሚነሳበት ቦታ ደግሞ ዝምታ ሕይወት ያስከፍላል።

ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኢትዮጵያ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል፤ ነፍሰ ጡርንም ሌሊት ማሠራት ይከለክላል። አባት የሚያገኘው 3 ቀን ነው። ፈቃዷን ጨርሳ ስትመለስ ማሽኑ ተቀይሮ፣ ቦታዋ ለሌላ ተሰጥቶ ከጠበቃት ግን ሕጉ ብቻውን አያድናትም። የማደሻ ሥልጠናና ጡት ለማጥባት የሚመች ሺፍት ማዘጋጀት የቅርብ አለቃዋ ሥራ ነው።

ኢትዮጵያ 75፣ ጅቡቲ 25 በመቶ ድርሻ የያዙበት የባቡር ኩባንያ ዋና መሥመር ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ውስጥ እስካለው ናጋድ ድረስ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 በጅቡቲ የተከፈተው የሙያ ማሠልጠኛ፣ የሉባን ወርክሾፕም ለዘርፉ ወጣቶችን ያሠለጥናል። ስለዚህ የባቡሩና የወደቡ ኃላፊዎች በየዓመቱ ሦስት ቁጥሮችን ለሕዝብ ይፋ ያድርጉ፦ ስንት ሴቶች እንደሠለጠኑ፣ ስንቶቹ በማሽን ላይ እንደተመደቡ፣ ከወሊድ በኋላ ስንቶቹ ወደዚያው ሙያ እንደተመለሱ። የፎርማኖችና የሱፐርቫይዘሮች የሥራ አፈጻጸም ነጥብም በእነዚህ ቁጥሮች ይለካ።