የባሕር እረኛና ትንሿ ላም

አንባቢ ሆይ፣ ስም አንዳንዴ ከባለቤቱ ቀድሞ ይናገራል። በሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ፣ በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የላይኛው ጫፍ፣ ከዚያ በቀር በየትም የማትገኝ ቫኪታ የምትባል ፍጥረት አለች። ከዶልፊን ጋር የምትዛመድ፣ ርዝመቷ ከአንድ ሜትር ተኩል የማያልፍ፣ ዓይኗ ዙሪያውን እንደ ኩል የጠቆረ አጥቢ እንስሳ ናት። ስሟ በስፓኒሽ «ትንሿ ላም» ማለት ነው። እርሷን ለመታደግ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደዚያ የዘመተው ድርጅት ደግሞ ሲ ሼፐርድ፣ «የባሕር እረኛ» ይባላል። ላምና እረኛ! በልጅነቱ ከብት የጠበቀ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም የሚል አይመስለኝም።

ላሚቱን የሚገድላት ግን እርሷን የሚፈልግ ሰው አይደለም። አጥማጆቹ የሚሹት ቶቶአባ የተባለውን ትልቅ ዓሣ፣ ከዓሣውም በሆዱ ያለውን የአየር ከረጢት ነው። ከረጢቱ ደርቆ በድብቅ ወደ ቻይና ይሻገራል፤ በዚያም ለመድኃኒትነትና ለክብር ግብዣ በውድ ዋጋ ይሸጣል። በውኃ ውስጥ እንደ ግድግዳ የሚዘረጋው መረብ ቶቶአባውን ከቫኪታዋ አይለይም። እርሷ አየር ለመሳብ ወደ ላይ መውጣት አለባት፤ መረቡ ከያዛት በገዛ ባሕሯ ታፍና ትሞታለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ቁጥራቸው 567 ያህል ይገመት ነበር፤ በ2016 ወደ 30 ወረደ፤ በ2024 በተደረገው አሰሳ የታዩት ከ6 እስከ 8 ብቻ ናቸው።

የተከለከለው መረብ የሚጣለው በጨለማ ነው። ስለዚህ እረኞቹ በሌሊት የሚያይ ካሜራ የተገጠመላቸው ድሮኖች አሰማሩ። በዲሴምበር 2017 አጥማጆች አንዷን ተኩሰው ጣሏት። «ሀብታም ያበረረው ሰላይ በድሃ ራስ ላይ» የሚሉ ይኖራሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። በጨለማ ሕግ የሚጥስ ሰው ጨለማውን ቢነጠቅ ምን ተበደለ?

ሆኖም አንድ ነገር ይከነክነኛል። የምሠራው ባንክ ቤት ነው። ከራሳችን በላይ የተሰቀለው ካሜራ ገንዘብ ከፋዩንና ደንበኛውን ያያል፤ ብሩ ከማን እንደመጣና ወደ ማን እንደሚያልፍ ግን አያውቅም። ያንን የሚያውቀው መዝገቡ ነው። ድሮኗም እንዲሁ ጀልባውን ታያለች፤ መረብ የሚጎትቱትን እጆች ታያለች። የጀልባው ዕዳ አይታያትም። ከረጢቱን የሚጠብቀው ነጋዴ በዚያ ሰዓት ቤቱ ተኝቷል። መንግሥት መረቡን ሲከለክል ለአጥማጆች የጀመረው ካሳም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቋርጧል። እ.ኤ.አ. በ2020 የመጨረሻ ቀን የድርጅቱ መርከብና የአጥማጆች ጀልባ ተጋጭተው ሰው ሞተ። የሞተው አጥማጅ እንጂ ነጋዴ አልነበረም።

በ2018 የቻይና ጉምሩክ 444 ኪሎ ግራም የቶቶአባ ከረጢት ይዞ 16 ሰዎችን አሰረ። የዕቃው ዋጋ 26 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተገምቷል። ያን ሁሉ የያዘችው ድሮን አይደለችም። ለድሮኗ የምናጨበጭበውን ያህል ለእንዲህ ያለው ሥራ ብናጨበጭብ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ለጉምሩክ ሠራተኛ ማን ፊልም ይሠራለታል? ለመዝገብ ሠራተኛማ ጭራሽ! (ለሙያዬ ማድላቴን አልክድም።)

ስለ ትንሿ ላም ግጥም ጀምሬ ነበር። ድሮኗ ገብታለች፤ ጨረቃዋም ገብታለች፤ መረቡም አለ። ገዢውን የማስገባበት ስንኝ ግን አጥቼ፣ ወረቀቱ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።