ኦሪጅናሉ ኩሽኔታ በመዶሻ እየተሸነፈ ነው

በመርካቶ የመለዋወጫ ሱቆች የሞተር ሳይክል ጎማ ኩሽኔታ የጠየቀ ሰው ፊት ሁለት ሦስት ዓይነት ካርቶን መደርደሩ የተለመደ ነው። ቁጥሩ አንድ፣ መጠኑ አንድ፣ መልኩም አንድ ነው። የሚለየው ዋጋው ብቻ ነው። ገዢው ልዩነቱን ቢጠይቅ «ይሄኛው ኦሪጅናል ነው» ይባላል፤ አገላብጦ ያይና ርካሹን ይዞ ይሄዳል። አስመጪዎች ከዚህ በመነሣት «የእኛ አገር ገዢ ጥራት አያውቅም» የሚል መደምደሚያ ላይ ከደረሱ ቆይተዋል።

መደምደሚያው የችኮላ ነው። ገዢው ርካሹን የሚመርጠው ጥራት ስለማያውቅ ሳይሆን ኦሪጅናሉንም ገዝቶ ስለሞከረው ነው። ሁለቱም እኩል ጊዜ ቆዩለት። ለምን እኩል ቆዩ? መልሱ ያለው በሱቁ ሳይሆን ኩሽኔታው በሚገጠምበት ግቢና መንገድ ዳር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ጥቂት ማለት ይገባል። ኩሽኔታ ከሌሎች የሞተር መለዋወጫዎች የሚለየው መጠኑ ዓለም አቀፍ ደረጃ ያለው በመሆኑ ነው። በትንንሽ ሞተሮች ጎማ ላይ ከሚገኙት መካከል 6202፣ 6301 እና 6302 ይጠቀሳሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኀዞች የመሃሉን ቀዳዳ ይናገራሉ፤ 01 ማለት 12 ሚሊ ሜትር፣ 02 ማለት 15፣ 03 ማለት 17 ነው፤ ከ04 ጀምሮ ቁጥሩን በ5 ማባዛት ይበቃል። ሁለተኛው አኀዝ ደግሞ የአካሉን ውፍረት ይገልጻል። 6202 እና 6302 ቀዳዳቸው እኩል ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው የውጪ ስፋቱ 35፣ የሁለተኛው 42 ሚሊ ሜትር ነው። በመሆኑም በሞተር ሳይክል ፋብሪካ ካርቶን የታሸገው ኩሽኔታና ለኤሌክትሪክ ሞተር ተብሎ በኩሽኔታ ሱቅ የሚሸጠው፣ ቁጥራቸውና መሸፈኛቸው አንድ ከሆነ፣ ቦታቸውን ሊለዋወጡ ይችላሉ። ለካርቶኑ ሥዕል ተጨማሪ ብር የሚከፍል ቸርቻሪ ይህን ልብ ቢል አይጎዳም። ደረጃው ግን የሚወስነው መጠንን ነው፤ የብረቱን ንጽሕናና የኳሶቹን ልስላሴ አይወስንም። አስመስሎ ሠሪዎችም የሚገቡት በዚህ ክፍተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 በስዊድን የተቋቋመው ኤስ ኬ ኤፍ፣ ገዢዎች ምርቱን በስልክ ፎቶ አንሥተው እውነተኛነቱን እንዲያስመረምሩ እስከማድረግ የደረሰው አስመሳዩ በዓይን ስለማይለይ ነው።

አሁን ወደ መዶሻው እንምጣ። ኩሽኔታ ሁለት ቀለበቶችና በመካከላቸው የሚሽከረከሩ ኳሶች አሉት። ቸርኬው ውስጥ ጠብቆ የሚቀመጠው የውጪው ቀለበት ነው። የመንገድ ዳር ሠራተኛው ግን ኩሽኔታውን ቀዳዳው አፍ ላይ ያስቀምጥና በመዶሻ መሃሉን ይመታል። ምቱ ከውስጠኛው ቀለበት ወደ ውጪው የሚተላለፈው በኳሶቹ በኩል ነው፤ ኳሶቹም በሚሽከረከሩበት መንገድ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይተዋሉ። ጎማው ሲዞር ኳሶቹ በእነዚህ ጉድጓዶች ላይ ይንገጫገጫሉ፣ ብረቱ ይላላጣል፣ ጎማው መወላወል ይጀምራል። ከጎተንበርግ ይምጣ ከሌላ፣ ኦሪጅናል ይሁን አስመሳይ፣ በዚህ መንገድ የገባ ኩሽኔታ የሞት ፍርዱን ይዞ ነው ከግቢው የሚወጣው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተሙትና በ2001 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ጽሑፍ የሚያወሳው ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ነበር። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይከፍላል፤ ደህና መኪና ያለው ከገበያው ይወጣል። የኩሽኔታው ገበያ ከዚህ የባሰ ችግር አለበት። መኪና የገዛ ሰው ከወራት በኋላ የገዛውን ያውቃል። ኩሽኔታ የገዛ ግን ዕቃው ሲበላሽ እንኳ ጥፋቱ የሻጩ ይሁን የገጣሚው አያውቅም። መዶሻው ለአስመሳዩ ዕቃ ጥላ ሆኖታል።

በምሳሌ እናስላው። ኦሪጅናሉ 600 ብር፣ ርካሹ 200 ብር ነው እንበል፤ ሞተሩ ለጥገና ሲቆም ባለቤቱ የአንድ ቀን ገቢ 500 ብር ያጣል እንበል። ሁለቱም ተቀጥቅጠው ገብተው በስድስት ወር ከሞቱ፣ ኦሪጅናሉን የገዛው በየስድስት ወሩ 1,100 ብር፣ ርካሹን የገዛው 700 ብር ያወጣል። ርካሹን መግዛት ብልህነት እንጂ ድንቁርና አይደለም። በአግባቡ ተገጥመው ኦሪጅናሉ ሦስት ዓመት፣ ርካሹ አንድ ዓመት ቢያገለግሉ ግን የመጀመሪያው ለዓመት 367 ብር ገደማ፣ ሁለተኛው 700 ብር ያስወጣል። የዕቃዎቹ ዋጋ ሳይነካ ትርፉ ከአንዱ ወደ ሌላው ዞረ። ያዞረው አገጣጠሙ ነው።

አገጣጠሙ ደግሞ ትልቅ ጋራዥ አይጠይቅም፤ ጠንቃቃ ባለሞተር በቤቱ ሊሠራው ይችላል። አዲሱ ኩሽኔታ በፍሪጅ የበረዶ ክፍል ያድራል። ቸርኬው ይጸዳል፣ መሃሉ ይሞቃል፤ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ቀዳዳ ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ሲጨምር 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ለዚህ ሥራ ይህ ብዙ ነው። ከዚያ የውጪውን ቀለበት ብቻ የሚነካ ቡሶላ ወይም ቁራጭ ቱቦ ተደግኖበት በቀስታ ይመታል፤ ወለሉን ሲነካ ድምፁ ይለወጣል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል የውስጥ ቀለበቶቹን አራርቃ የምትይዝ ቱቦ አለች። እሷ ከተረሳች ፔርኖው በጠበቀ ቁጥር ሁለቱ ቀለበቶች ወደ መሃል ይጨመቃሉ፤ ሁለተኛው ኩሽኔታም መግባት ያለበት ቱቦዋን እስኪነካ እንጂ ከዚያ በላይ አይደለም። ተመትቶ የወጣ አሮጌ ኩሽኔታ፣ ደህና ቢመስልም፣ ተመልሶ አይገባም። (አንዳንድ ቦታ ታጥቦና ግሪስ ተቀብቶ እንደገና ሲሸጥ ይታያል፤ ይህ ንግድ ሊባል አይገባውም።) የጎማ ኩሽኔታ ሲሰባበር የሚወላውለው የፊት ጎማ ነጂውንና ከኋላው የተቀመጠውን ሰው ይዞ ነው የሚወድቀው።

ታዲያ ይህ ለነጋዴው ምኑ ነው? የተበላሸ ኩሽኔታ ምስክርነት ይሰጣል። ተቆርጦ ሲከፈት፣ ጉድጓዶቹ በኳሶቹ ርቀት ልክ ዙሪያውን ተደርድረው ወደ አንድ ጎን ካዘነበሉ ያጠፋው መዶሻ ነው። ዝገት ካለ ውኃ ገብቷል፤ ምናልባትም በግፊት ውኃ ታጥቧል። የመዶሻ ምልክትም ዝገትም ሳይኖር ብረቱ ያለጊዜው ከተላላጠ ሻጩ የሚናገረው ነገር ሊኖረው ይገባል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ከተቻለ ዋስትና መስጠት ይቻላል፤ ዋስትና ያለው ዕቃ ደግሞ «ኦሪጅናል ነው» ከሚለው ቃል የተሻለ ማስረጃ ነው። አስመሳይ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ዋስትና ሊከተል አይችልም፤ ቢከተል ይከስራል።

ጉዳዩን አጣዳፊ ያደረገው የምንዛሪው ሁኔታ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ኦሪጅናል ኩሽኔታ ለማስመጣት የሚታሰረው ብር በእጥፍ ሲጠጋ፣ ውድ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ማሳደር የሚችለው አስመጪ ቁጥር ይቀንሳል፤ ርካሹም ቦታውን ይወርሳል።

ዋስትናውን ቸርቻሪው ብቻውን ይሸከም ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ከአንድ ኩሽኔታ የሚያገኘው ትርፍ ሁለተኛ ኩሽኔታ ለመተካት አይበቃውም። መጀመር ያለበት አስመጪው ነው፤ የተመለሰውን ተቀብሎ የሚከፍት፣ የተፈረደበትን የሚተካና ከእያንዳንዱ ደርዘን ጋር ለመግጠሚያ የሚሆን አንድ ቁራጭ ቱቦ የሚልክ አስመጪ።