«ኢሜይሌን አየኸው?»

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደውሎ «ቲቸር፣ ቀኑን ሙሉ ኢሜይል ስመልስ እውልና ዋናውን ሥራ ልጄ ከተኛች በኋላ ቤት ነው የምሠራው። የጊዜ አጠቃቀም ችግር አለብኝ መሰለኝ» አለኝ።

የለብህም ልጄ!

«ኢሜይል በቀን ሁለቴ ብቻ ክፈቱ» እያልኩ ያስተማርኳችሁ እኔው ነኝ፤ ይቅርታ። አለቃው ኢሜይል ልኮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «አየኸው እንዴ?» ብሎ የሚደውል ከሆነ ይሄ ምክር ምን ይፈይዳል? አንድ ሰው ለሚጨርሰው ጉዳይ ሃያ ሰው ግልባጭ ይደረጋል፤ ሃያውም «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» ብለው ለሁሉም ይመልሳሉ። ከዚያ ሥራ ተሠራ ይባላል!

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ማታ 4 ሰዓት ላይ የሚመለሰው ኢሜይልስ ምንድን ነው? ጨዋታ ነው? ፈረንሳይ እኮ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከስልክና ከኢሜይል የመራቅን መብት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሕግ አስገብታለች።

እናንተ ዛሬ አለቃ የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ ነገሩ በእጃችሁ ነው። አስቸኳይ ከሆነ ደውሉ፤ ካልሆነ እስኪነጋ ጠብቁ። ግልባጩን ቀንሱ። ሰውን ቶሎ በመመለሱ ሳይሆን በሠራው ሥራ መዝኑት።

ይህችን ልጥፍ ደግሞ በሥራ ሰዓት አታንብቧት። 😀