የኋላ ሾክ፦ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ

ሞተር ሳይክልዎ ጉድጓድ ባለፈ ቁጥር ከኋላ የተቀመጡት ባለቤትዎ ወገባቸውን የሚይዙ ከሆነ፣ የኋላውን ሾክ አብሶርበር ይመልከቱ። ዘይት ካፈሰሰ፣ ወይም መቀመጫውን ተጭነው ሲለቁት ደጋግሞ ከዘለለ ጊዜው አልፏል።

ግራና ቀኝ ሁለት ሾክ ካለው በቤት ይቀየራል። ደልዳላ መሬት ላይ በመሃል መቆሚያው ያቁሙት። ሁለቱንም በአንዴ አይፍቱ፤ አንዱን ቀይረው ካሰሩ በኋላ ወደ ሌላው ይለፉ። ያልተፈታው የኋላውን ጎማ በቦታው ይይዝልዎታል።

«አንዱ ደህና ነው» ብለው አሮጌን ከአዲስ አያጣምሩ፤ ሞተሩ ኩርባ ላይ ሊዋልል ይችላል። የሞላዎቹን ጥንካሬም እኩል ያስተካክሉ። ቡሎኖቹን በመመሪያው ልክ ያጥብቁ፤ መጀመሪያ ብቻዎን ቀስ ብለው ነድተው እንደገና ይፈትሿቸው። ባለቤትዎ የሚሳፈሩት ከዚያ በኋላ ነው።