እናታችሁን ወፍ ፍለጋ አስወጧቸው

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ልጆች በኢንቦክስ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፦ «እማዬን ከኢትዮጵያ አመጣናት፤ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ናት፣ ምን እናድርግ?»

እኔ «ስፖርት ይሥሩ» ብሎ መምከር ብቻውን አይሠራም ባይ ነኝ። ሰው ከቤት የሚወጣው ምክንያት ሲኖረው ነው። እዚያ የጎረቤት ቡና የለ፤ ቤተክርስቲያኑም መስጊዱም በመኪና ነው። ስለዚህ ምክንያት ስጧቸው፦ ብሉበርድ የምትባለዋን ትንሽ ሰማያዊ ወፍ።

መለየቱ ቀላል ነው። ወንዱ ጀርባው ደማቅ ሰማያዊ፣ ደረቱ የሸክላ ቀለም፣ ሆዱ ነጭ ነው። ሴቷ ደብዘዝ ትላለች። ተለቅ ብላ ራሷ ላይ ጉትያ ያላትን ካያችሁ ግን ብሉ ጄይ ናት፣ እንዳትሸወዱ።

ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ አትፈልጓት። ሜዳ ያለው ፓርክ ሂዱና አጥሩን፣ ሽቦውን፣ ለወፍ የተሰቀሉትን የእንጨት ሳጥኖች እዩ። እዚያ ቁጭ ብላ ሣሩን ትቃኛለች፤ ፌንጣ ስታይ ዱብ ትላለች። በብርዱ ወራትም አትጠፋም፣ የዛፍ ፍሬ ትለቅማለች።

በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ፈጠን ብለው ከተራመዱ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 150 ደቂቃ ሞላ ማለት ነው። ለግፊትም ለስኳርም ይጠቅማል፤ መድኃኒታቸውን ግን አይተካም።

ጥንቃቄ፦ ረጅም ሣር ውስጥ ላይም የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር አለ። ካልሲያቸውን ሱሪው ላይ ሳቡላቸው፣ ስትመለሱ ሰውነታቸውን ፈትሹ። ከዚያ በኋላ ሽፍታ ወይም ትኩሳት ከመጣ ቶሎ ሐኪም ጋ።

ዛሬ ስልካችሁ ላይ የወፏን ፎቶ አሳዩአቸው። ከዚያ ጫማቸውን አቀብሏቸው።