«ያዝ!» ከማለታችሁ በፊት

በዳታ ሴንተር ሥራ አብረን ያረጀን የሙያ ጓደኞቼ፣ ይህን የምጽፈው ለወጣቶቹ አይደለም። ወጣቶቹ መመሪያውን ያነባሉ፤ ያላነበቡትን በቪዲዮ ያያሉ። የምጽፈው ለእኛ ነው። ራክ ፊት ቆመን «ያዝ!» ስንል ማንም ደፍሮ «ቆይ፣ ይከብዳል» ለማይለን፣ ፀጉራችን ሸብቶ ቃላችን ትእዛዝ ለሆነው ለእኛ። እኔ ያየኋቸው ጉዳቶች ከማያውቅ ልጅ ድፍረት የመጡ አልነበሩም። ከሚያውቅ አለቃ ችኮላ የመጡ ናቸው።

እጃችን የለመደው የሌላ ዘመን ዕቃ ነው። ባለ 1 ዩ ሰርቨር ውፍረቱ አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም፤ ክብደቱም 15 ወይም 20 ኪሎ ቢሆን ነው። ሁለት ሆነን እናነሳዋለን፤ ጎበዝ ነኝ ያለ ደግሞ ብቻውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ሬሉ ውስጥ ይሰካና ወደ ሻዩ ይሄዳል። ባለ 2 ዩው ዲስክ ሲሞላ 30 ኪሎ ይደርሳል፤ እሱንም ለመድነው። አሁን ከመኪና የሚወርደው ግን ሌላ ነው። የኤንቪዲያ ዲጂኤክስ ኤ100 ክብደቱ 123 ኪሎ ነው። ተከታዩ ኤች100 ቁመቱ 8 ዩ ሆኖ 130 ኪሎ ያልፋል። ከአንድ ኩንታል ከሩብ በላይ ማለት ነው። «እኛ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንነካም» የሚል መሥሪያ ቤትም አያመልጥም፤ ከላይ ተከፍቶ 60 ዲስክ የሚይዝ ባለ 4 ዩ ማከማቻ አንድ ቀን ማዘዙ አይቀርም። አንዱ ዲስክ 700 ግራም ገደማ ነው፤ ዲስኮቹ ብቻ ከ40 ኪሎ በላይ ሆኑ፣ ሳጥኑ ገና ሳይቆጠር። ዕቃው ሲከብድ ወገባችን ግን አልጠነከረም።

ለዚህ ነገር ቁጥር ያስቀመጡ አሉ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 ባሻሻለው ቀመር መሠረት፣ ዕቃው ለሰውነት ቀርቦ፣ ወገብ ሳይጠማዘዝ፣ መያዣውም ጥሩ ሆኖ፣ ሁሉም ነገር ሲመቻች እንዲነሳ የሚመከረው ትልቁ ክብደት 23 ኪሎ ነው። ከዚህ ምቾት የጎደለ ነገር ሁሉ ቁጥሩን ይቀንሰዋል። የብሪታንያ የጤናና ደህንነት መሥሪያ ቤት መመሪያም ለወንድ በወገብ ከፍታ፣ ዕቃው ከሰውነት ሳይርቅ 25 ኪሎ ይልና፣ እጅ ተዘርግቶ በትከሻ ከፍታ ሲሆን ወደ 10 ኪሎ ያወርደዋል። እኛ ሰርቨር ራክ ውስጥ የምናስገባው እንዴት ነው? እጃችንን ዘርግተን። የአይቢኤም ማሽኖች ላይ የሚለጠፈውም ምልክት ከ18 ኪሎ ጀምሮ ሁለት ሰው፣ ከ32 ጀምሮ ሦስት ሰው ያሳያል። ስንቶቻችን ነን ካርቶኑን ከመቅደዳችን በፊት ጎኑ ላይ የተጻፈውን ክብደት የምናነበው?

«ታዲያ ስድስት ሆነን እናነሳዋለን!» ትሉኛላችሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ አይሠራም። ራኩ ፊት ቆማችሁ ለኩት። ሰርቨሩ ወርዱ ግማሽ ሜትር አይሞላም፤ የራኩ ወርድ በብዛት 60 ሴንቲ ሜትር፣ መተላለፊያውም ሜትር ከ20 ገደማ ነው። እዚያ ውስጥ ስድስት ሰው እግር ለእግር ይረጋገጣል እንጂ አያነሳም። የባሰው ግን ሌላ ነው። ሰርቨሩ ወደ ውስጥ መግባት ሲጀምር፣ በራኩ በኩል የያዙት ሰዎች እጃቸው ከራኩ ምሰሶ ጋር ይጋጭና መልቀቅ ግድ ይሆንባቸዋል። ሬሉ ደግሞ ገና አልያዘውም። እነሱ የለቀቁት ክብደት ኋላ የቀሩት ላይ ይወድቃል። በስድስት ሰው የተነሳ ዕቃ፣ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ በሚፈልገው ሰዓት በሁለት ሰው እጅ ቀረ ማለት ነው። እነዚያ ሁለቱ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ አንዳንዴ ጥበቃውና ከመንገድ የተጠራ የቀን ሠራተኛ ናቸው። በዕድሜያቸው ሬል አይተው አያውቁም፤ ጣታቸውን የት ማሳረፍ እንደሌለባቸው የነገራቸው የለም።

ስለዚህ ሊፍት። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ በእጅ የሚዘወር ወይም በባትሪ የሚሠራ፣ ከ200 ኪሎ በላይ የሚችል የሰርቨር ሊፍት አለ። የእጅ ፓሌት ጋሪ አይተካውም፤ እሱ ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ለመውሰድ ብቻ ነው። ጠረጴዛ ላይ ካርቶን ደራርቦ ከፍታውን ማስተካከልማ ባይነሳ ይሻላል፤ ስንቶቻችሁ እንደምትስቁ ይታወቀኛል፣ አድርጋችሁታልና። ሊፍቱ ላይ ዕቃው ዝቅ እንዳለ ይጓዛል፤ ከፍ የሚደረገው ራኩ ፊት ከደረሰ፣ ጎማው ከተቆለፈም በኋላ ነው። ከፍ ካለ በኋላ ከሥሩ ማንም አያልፍም፣ የወደቀች ብሎን ለማንሳትም ቢሆን።

ወደ ራኩ እንምጣ። ባዶ ባለ 42 ዩ ራክ በብዛት ከ100 እስከ 150 ኪሎ ነው። ከሚገባበት ሰርቨር ብዙም አይበልጥም ማለት ነው። እዚህ ባዶ ራክ ላይ ከባዱን ሰርቨር በተንሸራታች ሬል ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ከሳባችሁት፣ ክብደቱ ከራኩ የፊት እግሮች አልፎ አየር ላይ ነው። መሳቢያዎቹ ሁሉ የተሳቡ ቁምሳጥን ወደ ፊት እንደሚደፋው፣ ራኩም ይደፋል፤ ልዩነቱ ራኩ ሁለት ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ብረት መሆኑ ነው። መፍትሔውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ችግሩ አለማድረጋችን ነው። ራኩ ከወለሉ ወይም ከጎረቤቱ ራክ ጋር በብሎን ይታሰር። የፊት መደገፊያ እግሩ ይውጣ። ከባዱ ከታች ይግባ፣ ሙሌቱም ከታች ወደ ላይ ይሁን። ከአንድ ራክ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰርቨር በላይ አይሳብ። ያ ባለ 60 ዲስክ ማከማቻ ደግሞ ከላይ ስለሚከፈት፣ ዲስክ በተቀየረ ቁጥር መሳቡ አይቀርም። ዛሬ ገጠማው በሰላም ቢያልቅ እንኳ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት ልጅ ሌሊት ብቻዋን ዲስክ ልትቀይር ትስበዋለች። መደገፊያ እግሩን «ሥራው ያልቃል፣ ምን ያደርጋል» ብላችሁ ካርቶኑ ውስጥ የተዋችሁት እናንተ ናችሁ።

ሬሉ ላይ ቆም ልበል። በራኩ ምሰሶ ላይ እያንዳንዱ ዩ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ የቀዳዳዎቹም ርቀት እኩል አይደለም። የፊቱን በትክክለኛው ቀዳዳ አስገብቶ የኋላውን በአንድ ቀዳዳ የሳተ ሰው ሬሉን አዘንብሎታል፤ በዓይን ግን አይታይም። ስለዚህ ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ሬሉን በእጃችሁ ጎትቱት፣ ወደ ታችም ጫኑት፤ መቆለፊያው ፊትም ኋላም መያዙን አረጋግጡ። ከዚያ መካከለኛውን ክፍል እስኪቆለፍ ሳቡ፤ ኩሽኔታዎቹን የያዘችው ቀጭን ቆርቆሮ ወደ ፊት ጫፍ መምጣቷን እዩ። እሷ ኋላ ቀርታ ሰርቨሩ ከተገፋ ኩሽኔታዎቹ ወለሉ ላይ ይፈስሳሉ፤ ሬሉም ከዚያ በኋላ ሬል አይደለም። የግራና የቀኝ ጎን እኩል ይግባ፤ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ከሁለቱም ወገን ይሰማ። ከሁለቱም ወገን እስኪሰማ ድረስ ክብደቱ የሊፍቱ እንጂ የሬሉ አይደለም፤ ሊፍቱም ዝቅ አይልም።

ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ቀኙ «ቀጭ» ሲል ኃላፊው «ገባ!» አለ። ግራው አልገባም ነበር። ሰርቨሩ በግራ ማዕዘኑ ሲወርድ አንዱ ልጅ ሊደግፈው እጁን ከሥር ሰደደ፤ ሰው የሚወድቅ ነገር ሲያይ እጁ ይቀድመዋልና። ማሽኑ ተጠግኖ እስከ ዛሬ ይሠራል። የልጁ ሁለት ጣቶች አልተመለሱም። በዚያ ክፍል የሠራ ሁሉ አሁን አንድ ሕግ ያውቃል፦ የሚወድቅ ሰርቨር ይውደቅ፣ ማንም አይያዘው። ሕጉን ልጁ ሳይጎዳ ቀድመን ልንነግረው ይገባን ነበር።

ክብደትን መቀነስም ይቻላል። ፓወር ሰፕላዮቹንና ዲስኮቹን ከማንሳት በፊት ማውጣት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እያንዳንዱ ዲስክ ግን የወጣበት ቁጥር ይለጠፍበት፤ ተቀላቅሎ ከገባ ሌላ መከራ ነው። ደግሞም በፓወር ሰፕላይ እጀታ ወይም በፊት ጆሮዎቹ ሰርቨር አይነሳም፤ እነሱ ለማውጣትና ለማሰር እንጂ ለመሸከም አልተሠሩም።

ስለ ወለሉ አጭር ነገር። ከፍ ባለ ወለል ላይ እያንዳንዷ 60 በ60 የሆነች ሰሌዳ ቆሞ የሚጫናትንና እየተንከባለለ የሚያልፍባትን ክብደት እኩል አትችልም፤ የሚንከባለለው ይብስባታል። መንገዱን ከመኪናው እስከ ራኩ አስቀድማችሁ በእግራችሁ ሂዱ፤ የአሳንሰሩን አቅም አንብቡ፤ ለኬብል የተነሳች ሰሌዳ ካለች ትመለስ። አሁን ተገጣጥሞ ሙሉውን የሚመጣ ራክም አለ፤ የኤንቪዲያ ጂቢ200 ኤንቪኤል72 ወደ 1.36 ቶን ይመዝናል። ያ የጉልበት ጉዳይ አይደለም፤ የሕንፃ መሐንዲስ ጉዳይ ነው።

አዲስ አበባ ጎሮ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እነ ራክሲዮ፣ ዊንጉና ሬድፎክስ ዳታ ሴንተር ከፍተዋል፤ ባንኮቹም የራሳቸው አላቸው። ሥራው በዝቷል፣ የሚሠራውም በአብዛኛው ሌሊት፣ ደንበኛው ሰዓቱን እያየ ነው። ቨርጂኒያ አሽበርን አካባቢ የምትሠሩትም ይህን ጥድፊያ ታውቁታላችሁ፤ ልዩነቱ እዚያ ሊፍቱ ጥግ ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። እዚህ ግን «ሊፍት ውድ ነው» ይባላል። አንዱ ሰርቨር ስንት እንደተገዛ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲል አያፍርም ይሆን? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው ሠራተኛውን ከአደጋ የሚጠብቅ እርምጃ እንዲወስድና መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ሊፍቱን ከሰርቨሩ ጋር በአንድ የግዢ ጥያቄ ላይ ጻፉት።

ሊፍቱ ካልመጣ ሳጥኑ ፓሌቱ ላይ ይደር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለኃላፊው ደውሎ «ዛሬ አይገጠምም» የሚለው ግን ወጣቱ ቴክኒሻን መሆን የለበትም። የሚደውለው ከእናንተ አንዱ ነው።